ሰሌዳው ላይ የምትጽፍልኝ ልጅ

ባለፈው ዓመት አራተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ሜሮን የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ጽሕፈቷን ያየ ሰው ሳይደነቅ አያልፍም። ፊደሎቿ እኩል ቁመት አላቸው፤ ሰሌዳ ላይ እንኳ ያለ ማስመሪያ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የእኔ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ጉሮሮዬን ሲያመኝ ማስታወሻዬን ሰጠኋትና «ነይ እስኪ ሜሪ፣ ይቺን ገጽ ጻፊልኝ» አልኳት። ወንበር ላይ ወጥታ ጻፈች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ገለበጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ በሳምንቱ ዳነ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ይህን የሚያነብ አስተማሪ ካለ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ በየክፍሉ አትጠፋም። አስተማሪው ሲደክመው እሷ ትጽፋለች፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ዳይሬክተሩ በመስኮት በኩል ሲያልፍ የሚያየው ጸጥ ያለ ክፍልና የሞላ ሰሌዳ ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ የእኔን ክፍል ሥርዓት ለሌሎቹ መምህራን ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ላይ ነው። የምኖረው ደግሞ መሪ የሚባለው ሰፈር፣ ከባለቤቴ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ሳይነጋ እነሳና ከመሪ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ እየተጋፋሁ እደርሳለሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሲኤምሲ አካባቢ ሰው ቤት እየሄድኩ ልጆች አስጠናለሁ፤ ቅዳሜና እሑድም እንደዚያው። በመምህር ደመወዝ ብቻ እንደማይኖር ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ማስጠናት ስገባ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ልጁ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ጮክ ብሎ ሲያነብ በጣቴ እየተከተልኩ አርመዋለሁ፣ ሲሳሳት አስደግመዋለሁ። እናቱ ሳሎን ሆና ትሰማለቻ!

በማግስቱ ጠዋት ፈረንሳይ ስደርስ ሬሳ ነኝ። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ብለው ሲነሱ ድምፃቸው ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። እጅ ሲያወጡ እንዳላየ ሆኜ አልፋለሁ። መጀመሪያ መምህር ስሆን እንደዚህ አልነበርኩም፤ ልጆች የሚወዱኝ፣ ተረት እየነገርኩ የማስተምር ሰው ነበርኩ። መቼ እንዳለቀብኝ አላውቅም። ያለቀብኝ ግን ትዕግሥት ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹን የማይበት ዓይን ጭምር እንጂ።

የሜሮንን እናት ወይዘሮ አማረችን የማውቃቸው ከትምህርት ቤቱ በታች መንገድ ዳር ድንችና ጎመን ሲሸጡ ነው። ከወላይታ በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እሑድ እሑድ ከቸርች የማይቀሩ ሴት ናቸው። ስኳር በሽታ አለባቸው። የወላጆች ቀን መጥተው «ልጄ እንዴት ናት ጌታዬ?» አሉኝ። ከኋላቸው ወረፋው ረጅም ነው። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያቸው «ሜሮን? ቀኝ እጄ እኮ ናት! ለእሷስ አይጨነቁ» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ምርቃታቸው ሳያልቅ ቀጣዩን ወላጅ ጠራሁ።

አሁን ወደዚያ ዓርብ ልሂድ።

ወሩ ግንቦት ነው። ጠዋት ገብቼ ስም ስጠራ ሜሮን የለችም። መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ንዴት። ዛሬ ማን ሊጽፍልኝ ነው ብዬ ተናደድኩ እንጂ ልጅቷ ምን ሆነች አላልኩም። ሌላ ልጅ አስነስቼ እያጻፍኩ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ እያበሳጨኝ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሜሮን ናት። ዩኒፎርም አልለበሰችም፤ ነጠላ ጫማዋም አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ነው ያለው።

«ቲቸር፣ እማዬ አልነቃ አለችኝ።»

«ተኝተው ነው?»

«አይደለም። ዓይኗን ትገልጣለች ግን እኔን አታየኝም። ስጠራት ሌላ ነገር ታወራለች።»

«ጎረቤት የለም?»

«ሥራ ሄደዋል። እማማ ዘነቡ ብቻ ናቸው ያሉት፤ እሳቸው ደግሞ መራመድ አይችሉም።» ከዚያ እጄን ያዘች። «እማዬ እርስዎን ታምናለች፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ክፍሉን ለተማሪዎቹ አለቃ ትቼ ተከተልኳት። ዳገቱን እሷ ትሮጣለች፣ እኔ አለከልካለሁ። ቤታቸው ከአስፋልቱ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያለች አንድ ክፍል ቤት ናት። ስገባ ወይዘሮ አማረች አልጋ ላይ ናቸው። ልብሳቸው በላብ ርሷል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ማቃሰት ነው። ስማቸውን ጠራሁ። ትከሻቸውን ነቀነቅኩ። ዓይናቸው በእኔ ላይ አልፎ ጣሪያው ላይ ቀረ።

ጎረቤታቸው እማማ ዘነቡ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ትናንት ጾም ጸሎት አለብኝ ብላ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም» አሉኝ። «ማታ መጥታ መድኃኒቷን ውጣ ተኛች። እህል ቅመሺ ብላት ደከመኝ አለችኝ። በል ልጄ ቶሎ በል፣ ይቺ ልጅ ሌላ ሰው የላትም!»

መኪና እዚያ ድረስ አይገባም። ከጎን ቤት እየገነቡ ከነበሩት ሁለት ጎረምሶች ጠርቼ በብርድ ልብስ ተሸክመን ወረድን። አንድ ሚኒባስ መጣ፤ ሞልቷል። ረዳቱ «ቦታ የለም!» ብሎ በሩን ሊዘጋ ሲል የተሸከምነውን አየ። «ውረዱ! ውረዱ! ሰው ታሟል!» አለ። ማንም አላጉረመረመም። ባዶውን መኪና ይዘን ወደ ሆስፒታል በረርን።

ሜሮን የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሌላ እጇ አንዲት ጥቁር ፌስታል ጨብጣ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ግን «ሁለት ነው ያልኳት፣ ሁለት ነው ያልኳት» ነው የምትለው። ደንግጣ የምትቀባጥር መሰለኝና «አይዞሽ» አልኳት።

ድንገተኛ ክፍል አንዲት ወጣት ዶክተር ተቀበለችን። የጣታቸውን ደም ወስዳ በትንሿ መሣሪያ ለካች፤ አየችና ነርሷን በጩኸት ጠራች።

«ስኳራቸው በጣም ወርዷል። ግሉኮስ! ቶሎ!»

«ይተርፋሉ ወይ?» አልኳት።

«መናገር አልችልም። ስንት ሰዓት እንዲህ እንደቆዩ አናውቅም። ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?»

ሜሮን ፌስታሏን ፈታች። ውስጡ ሁለት ትንንሽ የመድኃኒት ከረጢቶች አሉ። ዶክተሯ አንዱን ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«ይሄ አዲስ የተጨመረላቸው ነው። እንዴት ነው ሲወስዱ የነበረው?»

«ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት» አለች ሜሮን።

ዶክተሯ ዞራ አየቻት። «ማነው እንደዚያ ያለው? እዚህ ላይ የተጻፈው ግማሽ ነው። ግማሽ ፍሬ፣ ጠዋት ብቻ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተማሪዬ አይደለች? ደረቴን ነፍቼ «ዶክተር፣ እሷ አትሳሳትም» አልኩ። «የክፍሉ አንደኛ ጸሐፊ ናት። ምናልባት መድኃኒት ቤቱ በቃል የነገራቸው ሌላ ይሆናል።»

«እሺ።» ዶክተሯ ከረጢቱን ለሜሮን ሰጠቻት። «አንብቢልኝ እስኪ።»

ሜሮን ከረጢቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንብቢላት እንጂ ሜሪ፣ ምን ያስፈራል?» አልኩ።

ልጅቷ ከረጢቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለዶክተሯ ሳይሆን ለእኔ፣ «ልጻፈው?» አለች።

ዶክተሯ አልገባትም። እኔም አልገባኝም። ዶክተሯ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ሜሮን ወንበሩ አጠገብ ተንበርክካ ጻፈች። ግማሽ ፍሬ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር ብቻ፣ ማታ አይወሰድም። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ተሳስቶ የሰረዘው አንድ ቃል ነበር። እሱንም ከነስርዙ ጻፈችው። እንደ ሁልጊዜው ያምር ነበር።

ዶክተሯ ወረቀቱን አንስታ አየች። ከዚያ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች። «ይሄ ምን ይላል የኔ ቆንጆ?»

ሜሮን ቃሉን አየች። እኔን አየች። «ሁለት» አለች።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያቃስት፣ የሚሯሯጥ፣ የሚጣራ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ምንም አልሰማም።

«ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ ዶክተሯ።

«አራተኛ።»

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አስተማሪዋ።»

«የምን አስተማሪ?»

ውሸት ቢመጣልኝ እዋሽ ነበር። «የአማርኛ» አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሲነቁ ለእናትየዋ እርስዎ ይንገሯቸው» አለችኝ። «ካልተነገራቸው ነገም መድኃኒቱን እንድታነብላቸው ለእሷ ነው የሚሰጧት። ሌላ ጊዜ በሰዓቱ እዚህ ላይደርሱ ይችላሉ።» ይህን ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሰሌዳ ላይ የምትጽፊውስ?»

«እያየሁ ነው የምጽፈው። እንደ ሥዕል።»

«ምንም አታነቢም?»

«ስሜን አነባለሁ። የእማዬንም። ከፊደሎቹ የማውቃቸው አሉ፤ ሲገጣጠሙ ነው የሚጠፉብኝ።»

«ታዲያ የመድኃኒቱን ለምን አላውቅም አላልሽም?»

እንባዋ መጣ። እናቷ ጉልት ላይ ስለነበሩ መድኃኒቱን ያመጣችው እሷ ናት። መድኃኒት ቤቱ ሰው በዝቶበት «ተጽፎልሻል፣ አንብበሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አሏት። እሺ አለች። ቤት ስትደርስ እናቷ «ምን ይላል?» አሏት። የድሮው መድኃኒት ሁለት ሁለት ነበር፤ ይሄም ያው ይሆናል ብላ ሁለት አለች። እናቷም ልጃቸው የአስተማሪው ቀኝ እጅ ናትና አመኗት።

«ልነግርዎት ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«መጀመሪያ ያጻፉኝ ቀን። ጽፌ ስጨርስ እኔ አላነበውም ልልዎት ስል፣ ጎበዝ ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ አፈርኩ።»

ወገኖቼ፣ ያን ዓመት ለእያንዳንዱ ልጅ የንባብ ማርክ ሰጥቻለሁ። ስልሳ ልጅ አንድ በአንድ ማስነበብ ስለከበደኝ ደብተራቸውን ሰብስቤ አየሁ፤ ጽሕፈቱ ያማረውን ያነባል ብዬ ሞላሁት። ለሜሮን የሰጠኋት ከክፍሉ ከፍተኛውን ነው። አልፎ አልፎ ሳስነብብም እሷ ጋ ስደርስ «አንቺማ ታውቂዋለሽ» ብዬ እዘላታለሁ። ያከበርኳት መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ» አለችኝ እጅጌዬን ይዛ። «በእግዚአብሔር፣ እኔው እማራለሁ። አይንገሩብኝ።»

አያችሁ፣ ልጅቷ ለራሷ ብላ የለመነችኝ ነገር ለእኔም መደበቂያ ነበር። እኔም «እሺ» አልኳት። ስላት ውስጤ ቅልል እንዳለው አልረሳውም።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ አማረች ነቁ። ዓይናቸው መጀመሪያ የፈለገው ልጃቸውን ነው። ቀጥለው እኔን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ። «ውይ አስተማሪያችን! እርስዎ ሥራ ፈትተው…»

ነርሷ መድኃኒቱን አብዝተው መውሰዳቸውን ነገረቻቸው። ወይዘሮ አማረች ልጃቸውን አዩ፤ ፊቷ ምን እንደሚመስል አዩ። «የእኔ ጆሮ ነው» አሉ ወዲያው። «እሷ በትክክል አንብባልኛለች፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ልጄ ማንበብ ታውቃለች፤ አስተማሪዋን ይጠይቁ።»

ሦስቱም አዩኝ። ሜሮንም፣ እናቷም፣ ነርሷም።

«አዎ፣ ጎበዝ ናት» አልኩ።

ስልኬ ሲጮህ ከክፍሉ ወጣሁ። የሲኤምሲዋ እናት ናት። «ቲቸር፣ ልጁ ሰኞ ፈተና አለው እኮ፤ ይመጣሉ አይደል?» አለችኝ። «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አልኩ። ምን አለ? ሴትየዋ ነቅተዋል፣ የእኔ ሥራ አለቀ አልኩ ለራሴ። ሜሮንን እንኳ ሳልሰናበት ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመርኩ። ጥበቃው ጋ ደርሼ ነበር ከኋላዬ ስትጮህ የሰማኋት።

«ቲቸር! እማዬ እንደገና! እንደገና እንደዚያ ሆነች!»

ተመልሼ ስሮጥ መጋረጃውን ጋርደውታል። ዶክተሯና ሁለት ነርሶች ውስጥ ናቸው። ቆይታ ዶክተሯ ብቅ አለች። «መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ገና አልወጣም» አለችን። «እስኪወጣ ድረስ ስኳሩ መልሶ መላልሶ ይወርዳል። ልብም አንጎልም ይጎዳል። እየሞከርን ነው፤ ጸልዩ።»

ሜሮን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እንደ ትልቅ ሰው ፊቷን በመዳፏ ይዛ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች።

«አልሞቱም» አልኳት።

«ከሞተች እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ዙሪያችን አስታማሚ ሞልቷል፣ ሁሉም እኛን ያያል። አፈርኩ። በአሥር ዓመት ልጅ ላይ ይህን የመሰለ ሸክም ተጭኖ እያየሁ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ብዬ አፈርኩ። «እንዲህ አይባልም» ብቻ ብዬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ አጠፋሁት።

እንደዚያ ተቀምጠን ስንቆይ ወይዘሮ አማረች ቢሞቱ የሚሆነውን አሰብኩ። ለቀብር እሄዳለሁ። ሰዎች አስተማሪዋ እንዴት ደግ ሰው ነው፣ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው ይላሉ። ልጅቷ ደግሞ እናቴን ገደልኩ እያለች ታድጋለች። እውነቱን የምናውቅ እኔና አንዲት ዶክተር ብቻ እንሆናለን፤ ዶክተሯም በሌላ በሽተኛ ትረሳናለች።

ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የኮሪደሩ መስኮት ሲቀላ መጋረጃው ተገለጠ። ዶክተሯ ላቧን ጠረገች። «ተመልሰዋል» አለች። «እስከ ነገ እዚሁ እንይዛቸዋለን። አሁን ያናግሩሻል፣ ግቢ።» ሜሮን ሮጣ ገባች። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ወይዘሮ አማረች ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው «አይዞሽ፣ የእኔ ጆሮ ነው፣ የእኔ ጆሮ ነው» ይላሉ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። ገባሁ።

«ወይዘሮ አማረች፣ የእርስዎ ጆሮ አይደለም። ሜሮን ማንበብ አትችልም።»

ልጅቷ ፊቷን እናቷ ልብስ ውስጥ ቀበረች። እናቷ ግን የቀለድኩ መሰላቸው።

«እንዴት ነው የማትችል? ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች እኮ። ጎረቤት ሁሉ ልጆቹ ነግረውት ያውቃል።»

«እያየች ትገለብጣለች እንጂ አታነበውም። ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ ቆማ አላወቅኩም። አንድም ቀን አስነብቤያት አላውቅም። ጎበዝ ናት ያልኩዎት ሳላይ ነው። ቅድምም ዋሽቻለሁ። እሷ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወይዘሮ አማረች የልጃቸውን ፀጉር መዳበስ ቀጠሉ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ፤ እንዲያውም ፈለግሁት። እሳቸው ግን በደከመ ድምፅ፣ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ እሷ ስትጽፍ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

ምን ልበላቸው? ስለ ታክሲው ሰልፍ ልንገራቸው? ስለ ኪራዩ? እሳቸው እኮ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ መንገድ ዳር የሚውሉ ሴት ናቸው። «ተቀምጬ ነበር» አልኳቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «ቤታችን ውስጥ አንድ የሚያነብ ሰው ይኑር ብዬ ነው እርስዎ ጋ የላክኋት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ያን ቀን እንዴት መሪ እንደደረስኩ አላስታውስም። ሰኞ ጠዋት ግን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም፣ አላስጻፍኩምም። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ጋ እየጠራሁ ከማያውቁት ገጽ አንድ መስመር አስነበብኳቸው። ቀናት ፈጀብኝ። ከክፍሉ ሲሶ የሚሆነው አያነብም። የሚያምር ደብተር ያላቸው፣ ጥሩ የንባብ ማርክ የሰጠኋቸው ልጆች ናቸው። ለዳይሬክተሩ ስነግረው ራሱን ይዞ «ዓመቱ ሊያልቅ አሁን ምን እናድርግ?» አለኝ። እሱም ደክሞት እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

የማስጠናቸውን ቤቶች አብዛኞቹን ተውኩ። ኮንዶሚኒየሙንም ለቅቄ ፈረንሳይ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን ታኮርፈኛለች፣ እውነቷን ነው። ከትምህርት በኋላ የማያነቡትን ይዤ ከፊደል ገበታ እጀምራለሁ። ጀግና ሆንኩ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዶቹ ተያያዙት፤ አንዳንዶቹ ሳያነቡ አምስተኛ ክፍል ገቡ። ድካሙም አልለቀቀኝም። ዛሬም ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ወንበሩ ይጠራኛል።

የሙያ ጓደኞቼ፣ መድከም ኃጢአት አይደለም። የምንሸከመውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሊያቃልልልን የሚገባውም ወገን ይወቀስበት። ነገር ግን እኛ የተውነው ሥራ የትም አይጠፋም፤ አንዱ ልጅ ላይ ይወድቃል፣ ልጁም ዝም ብሎ ይሸከመዋል። ወላጆችም ብትሆኑ የልጃችሁን ደብተር ውበት አይታችሁ አትመለሱ። ያላየውን ገጽ ግለጡና አንብብልኝ በሉት። ካላነበበም አትቆጡት፤ ኑና እኛን ጠይቁን።

ወይዘሮ አማረች ደኅና ናቸው፤ ጉልታቸው ላይ ናቸው። ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ እንደ ድሮው ግን እጄን አይዙም። ሜሮንን ከትምህርት በኋላ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አላወጧትም፤ ለምን እንዳላወጧትም ጠይቄ አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ሁሉ የመጨረሻ ሆና አጠገቤ እያነበበች ነበር። አሁን ታነባለች፤ በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆመች፣ ግን ታነባለች። አንድ አንቀጽ ጨርሳ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን እማዬ ሞታ ቢሆን ኖሮ፣ የገደልኳት እኔ እንዳልሆንኩ ይነግሩኝ ነበር?»

«አዎ» አልኳት፣ ቶሎ ብዬ።

አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ንባቧ ተመለሰች። ቶሎ ያልኩት እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው።